የጨለመችው ትከሻ

ሊቁ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተሰቅሏል፣ እጆቹ ጭኑ ላይ አርፈዋል፣ ፊቱ ወደ ሥዕሉ ዞሯል። ጠብታ ደም የለ፣ የተገለበጠ ዕቃ የለ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዘበኛውና የመጀመሪያ ተማሪው አብረው ሲያገኙት፣ ዘበኛው «ጋሼ፣ ነግቷል» ብሎ እጁን ነካ አድርጎት ነበር። እጁ ቀዝቅዟል።

መርማሪዋ ጉዳዩን ያየችው ግን ሐሙስ ነው፤ ያውም ሰው ታስሮ፣ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ።

በመሥሪያ ቤቷ «ወንፊት» ይሏታል። የሚያመልጣት ነገር የለም ለማለት ነው። በፊቷ የሚላት ባይኖርም ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። ያን ሰሞን ግን የሚያስደስታት ነገር አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው የክፍል ኃላፊነት፣ እሷው ራሷ ሥራ ላስተማረችው ምክትሏ ሊሰጥ ነው። ሹመቱን ያፋጠነለት ደግሞ ይኸው የሊቁ ሞት ነው፤ በአንድ ቀን ገዳይ ያዘ ተባለለት። ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷም አጨበጨበች። ቤቷ ስትገባ ግን እራቱን ሳትነካው ተኛች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ስሙ ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ቢሮዋ በር ላይ ጠበቋት። ዓመት ያልሞላት ሕፃን ታቅፈዋል።

«የታሰረችው ልጅ እናት ነኝ» አሉ። «ይቺ የልጅ ልጄ ናት። ጡት አልጣለችም። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ትልቁ እስር ቤት ያዛውሯታል፣ እዚያ ሕፃን አይገባም አሉኝ።»

«እናቴ፣ ጉዳዩ እኔ ጋ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ልጄ አልገደለችም ብዬም አልምልልሽም፤ እናት ሆና እንዲያ የማትል የለችም። ሄደሽ በዓይንሽ እዪልኝ ነው የምልሽ። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛ ናት ካልሽኝ፣ ይቺን ጠርሙስ አለማምዳታለሁ።»

ወንፊት ሕፃኗን አየች። ሕፃኗም አየቻት። ምክትሏ ቢሮ ስትገባ ምክትሉ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር።

«የሊቁን መዝገብ ልየው።»

«አለቃዬ፣ እሱ እኮ አለቀ» አለ ፈገግ ብሎ።

«ካለቀማ ባየው አይጎድልብህም።»

 መዝገቡን ይዛ ስትወጣ ራሷን ጠየቀች፦ ጥርጣሬ ነው ወይስ ቅናት? አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ሹመት ለማበላሸት ብለሽ ገዳይ ልታስፈቺ እንዳይሆን። መልሱን አላወቀችውም። ስላላወቀችውም የምታየውን ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ ልታይ ወሰነች።

መዝገቡ እንዲህ ይላል። ሊቁ አሮጌ ሥዕሎችን የሚያድስ ሰው ነበር። ከወርክሾፑ ጀርባ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች። በወረቀት ላይ የተሠሩ ሥዕሎች እዚያ ይታሸጉና ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ ይሞላባቸዋል፤ ወረቀት የሚበላው ብል ይሞታል፣ ወረቀቱም አያረጅም። ጋዙ ሽታም መልክም የለውም፤ ብቻ የምንተነፍሰውን አየር ገፍቶ ያስወጣዋል። ሥዕል አይተነፍስምና ግድ የለውም። ሰው ግን ለምን እንደ ደከመው እንኳ ሳያውቅ ይወድቃል። ክፍሏ ጋዝ በሌላት ጊዜ ሊቁ ለሌላ ጉዳይ ይወዳት ነበር። የቀን ብርሃን የሚመስል ትልቅ መብራት ያለው እዚያ ስለሆነ፣ ቀለም ሊመረምር ሲፈልግ ብቻውን ይገባና በሩን ዘግቶ ይቀመጣል።

ሰኞ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ገባ። አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ ያለውን የጋዝ ቫልቭ ከፈተ። አየር ሲያንስ የሚጮኸው ደወል ባትሪው ወጥቶ ነበርና አልጮኸም። ጠዋት ሲገኝ ቫልቩ ተዘግቷል፣ የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል፣ ሰኞ ሙሉ ሆኖ የመጣው ሲሊንደር ግን ባዶ ነው። ገዳዩ ሁለት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው፤ አንዴ ሊከፍት፣ አንዴ ሊዘጋና ሊያናፍስ። በልብ ድካም የሞተ ሊያስመስል ፈልጎ ነበር፤ ባዶው ሲሊንደር ነው ያጋለጠው።

ሌሊት ዘበኛው ሳያይ የሚገባበት የጓሮ በር አለ፤ የእሱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሊቁ ሚስት፣ የመጀመሪያ ተማሪው፣ እና ሥዕሎቹን በካሜራና በብርሃን የምትሠራ፣ «ባለካሜራዋ» የሚሏት ወጣት። የጋዙ ኃላፊ ባለካሜራዋ ናት። የደወሉ ባትሪም የተገኘው ከእሷ መሳቢያ ነው። ምክትሉ በዚህ ያዛት።

ወርክሾፑ ስትደርስ ዘበኛው በሩን ከፈተላት። ሰኞ ሦስቱም እንደነበሩ ነገራት። እትዬ፣ የሊቁ ሚስት፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የባሏን የዓይን ጠብታ አምጥታ፣ «ሥራ ላይ ነው» ሲሏት ጠረጴዛ ላይ ትታለት ሄደች። ተማሪው ትንሽ ቆይቶ ወጣ። ባለካሜራዋ አሥራ አንድ ሰዓት።

«ጋሼ ሳይወጡ ሲቀሩ አልገረመህም?»

«ብዙ ቀን እዚሁ ያድራሉ። ቀለም ከያዙ ቤት እንዳላቸውም ትዝ አይላቸው።»

ፖሊስ ማክሰኞ ያሸገው የጠባቧ ክፍል በር ተከፈተ። ወንፊት ትልቁን መብራት አበራችና ሥዕሉ ፊት ቆመች። ሰማያዊ ሸማ የለበሰች ሴት ናት፤ ወረቀቱ የሁለት መቶ ዓመት ነው ይባላል። ዱሮ ውሃ አግኝቶት ቀኝ ትከሻዋና ግራ እጅጌዋ ታጥበው ነበር። ትከሻዋን ተማሪው በብሩሽ ሞልቶታል። እጅጌዋ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ባለካሜራዋ ከጣሪያ ላይ በተሰቀለ መሣሪያ ሰማያዊ ብርሃን ትጥልበታለች። መሣሪያው ሲበራ እጅጌዋ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሲጠፋ ነጭ ወረቀት ነው። ብሩሽ ሳይነካው።

ከመዝገቡ ውስጥ ማክሰኞ ጠዋት ፖሊስ ያነሳውን ፎቶ አወጣች። ያኔም የበራው ይኸው መብራት ነው። ፎቶውን አየች፣ ሥዕሉን አየች። እንደ ገና አየች። ከዚያ ዘበኛውን ጠራችው።

«ይቺን ሴትዮ ማክሰኞ አይተሃታል አይደል? ዛሬ ምን ትመስልሃለች?»

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። «ማክሰኞ አንድ ልብስ ነበር የለበሰችው። አሁን ትከሻዋ ከሌላ ልብስ ተቆርጦ የተጣፈ ይመስላል። ጠቁሯል።»

«ማን ነካው?»

«ማንም። እናንተው ናችሁ ያሸጋችሁት።»

እውነቱን ነው። ማሸጊያው አልተነካም። ቀለም ሲያረጅ ይደበዝዛል፤ ይኼን ልጅ አዋቂው ያውቃል። በሁለት ቀን ውስጥ ብቻውን በተዘጋ ክፍል የሚጨልም ቀለም ግን አጋጥሟት አያውቅም። ወንፊት ማስታወሻዋን አወጣችና ምንም ሳትጽፍ መልሳ ከተተችው።

ተማሪውን «ሚዛን» ይሉታል፤ ዓይኑ ቀለምን እንደ ሚዛን ስለሚመዝን። ለሃያ ዓመት የሊቁ ጥላ ሆኖ የኖረ፣ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ቀለም የማይጠፋው፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ቀለም መበጥበጫ ሳህኖቹን እያጠበ ተቀበላት።

«ጋሼ አባቴም ነበሩ» አላት። «እጄን ይዘው ነው ያስተማሩኝ።»

«ሰኞ ማንን እንደሚተኩ ሊናገሩ ነበር ይባላል።»

«ጡረታ ሊወጡ ነበር። ትከሻውና እጅጌው ፈተና ነበሩ። ከሁለታችን የተሻለ የሠራው ወርክሾፑን ይረከባል።»

«ማንን መረጡ?»

ሳህኑን ገልብጦ አስቀመጠ። «ሳይናገሩ ሞቱ።»

«እርስዎ ማንን የሚመርጡ ይመስልዎታል?»

«ሰው አዲስ ነገር ይወዳል። እሷ መሣሪያ አላት፣ ወጣት ናት፣ ትስቃለች። እኔ ብሩሽ ነው ያለኝ።» ድምፁ ረጋ ብሏል፣ መንጋጋው ግን ተቆልፏል። «ስለ ጋዝ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ምናምን ትምህርት እሰጣለሁ ብላ ሁሉንም ስትሰበስብ አንድ ቀን አልተቀመጥኩላትም። ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ቀለም ከትናንት ልጅ ልማር?»

«ትከሻውን የሞሉት በምን ቀለም ነው?»

እዚህ ላይ ፊቱ በራ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ሌላ ሰው ይሆናል። «የጥንቱ ሰማያዊ ከተፈጨ ድንጋይ የተሠራ ነው። በሙያችን ደንብ አዲሱ ቀለም ከጥንቱ ጋር በዓይን ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይሆንም፤ የነገ ሰው ለይቶ ማንሳት እንዲችል። እኔ የሞላሁት በብረት ሰማያዊ ነው። ከብረት የሚሠራ። በመሐላቸው የፀጉር ያህል ልዩነት አያገኙም።»

«ከጨረሱት በኋላ አልነኩትም?»

«ሰኞ ጠዋት ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ እጄ አልነካትም።»

ወንፊት አመስግና ወጣች። ስለ ጨለመው ትከሻ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱም ክፍሏ ከታሸገች ወዲህ ሥዕሉን አላየም።

እትዬ ቤት ስትደርስ ለቀስተኛው ወጥቶ፣ ሴትየዋ ብቻዋን ባሏ ያስቀመጣቸውን ትንንሽ የቀለም ብልቃጦች ትወለውላለች። ስለ ሟቹ ሰው ሁሉ መልአክ እንደ ነበር ነግሯታል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። እትዬ ግን እንዲያ አላለችም።

«ያቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ባሌ ባሌ አልነበረም» አለች። «ማታ ስለ እሷ ነው የሚያወራው። ቀለም ስንት ዓይነት ብርሃን እንደሚበላ ነገረችኝ፣ ይህን አሳየችኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ቀለም በጥብጬለታለሁ፤ ሳገባው እኔም ሠዓሊ ነበርኩ። አንድ ቀን ስለ እኔ እንዲያ አውርቶ ያውቃል?»

«ሰኞ ማታ ሳይመጣ ሲቀር ለምን አልደወሉም?»

እትዬ ጨርቁን አስቀመጠች። 

«ብደውል ቀናሽ ይለኛል። ከእሷ ጋር ነው ብዬ ስልኬን ገልብጬ ተኛሁ። እሱ እዚያ አየር አጥቶ ሲሞት እኔ አኩርፌ ተኝቻለሁ።»

«እትዬ፣ በዚያን ሰዓት ሞቶ ነበር። ቢደውሉም አያነሳም ነበር።»

«እሱን ለሆዴ ንገሪው።»

ወንፊት ከጎኗ ተቀመጠች። ከዚያ ብልቃጦቹን እያየች፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ ጠየቀች። «የብረት ሰማያዊ የሚባለው የትኛው ነው?»

«ይኸው። ይቺ አመለኛ ናት» አለች እትዬ፣ ብልቃጧን እንደ ልጅ እየዳበሰች። «አየር የሌለበት ቦታ ብርሃን ካገኛት ትገረጣለች። አየር ስታገኝ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ወደ መልኳ ትመለሳለች። የታመመ ሰው በይው። ባለፈው ዓመት ያቺ ልጅ ስለዚሁ ስታስተምር እኔም ሄጄ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።»

«ቀለም ሊማሩ?»

«ምን ቀለም። እሷን ላያት ነዋ። ባሌን እንዴት እንደምታየው።»

ወንፊት ብድግ አለች። ሁለት ጊዜ ልታይ ለራሷ ቃል ገብታለችና ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራ ሄደች፣ ከቤተ ሙከራ ወደ ማረፊያ ቤት።

ባለካሜራዋ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሁለት ቀን ፊቷ አልቋል። ሹራቧ ደረቷ ላይ ርሷል። ጡቷ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።

«ባትሪው እንዴት መሳቢያሽ ገባ?»

«አላውቅም። መሳቢያዬ አይቆለፍም።»

«ሊቁ ሰኞ ማንን መረጡ?»

ልጅቷ ጣቶቿን አየች። «አልነገሩንም።»

«ለእሱ አልነገሩትም። ላንቺስ?»

«አልነገሩኝም አልኩ እኮ።»

ወንፊት ውሸት እንደሆነ አወቀች። ለምን እንደ ዋሸችም ገመተችና አልገፋቻትም። «ነገ ሰባት ሰዓት ወርክሾፑ እንገናኝ» አለቻት።

ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ወርክሾፑ ውስጥ ነበሩ። እትዬ ጥቁር ለብሳ ወንበር ላይ፣ ሚዛን ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ባለካሜራዋ በካቴና በምክትሉ አጠገብ፣ ዘበኛው በሩ ላይ። ሥዕሉ ከጠባቧ ክፍል ወጥቶ ማሳያው ላይ ቆሟል፣ በጨርቅ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተጠበቀ የመስታወት ማሰሮ አለ፣ እሱም በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሏል። ምክትሉ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ የዝውውሩ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል።

«አለቃዬ፣ ባትሪው መሳቢያዋ ውስጥ ነው የተገኘው» አለ ቀስ ብሎ።

«ባትሪ የትም ይቀመጣል። ከሱ ብንጀምር እርስ በርስ ስንካሰስ ይመሻል። ሌላ ነገር እንይ።» ጨርቁን ከሥዕሉ ላይ ገለጠችው።

እትዬ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ሚዛን ከተደገፈው ጠረጴዛ ቀና አለ። ትከሻው ከቀረው ሸማ ተለይቶ ጨልሟል።

«ማክሰኞ ጠዋት የተነሳው ፎቶ ይኸውና» አለች ወንፊት። «ትከሻውና የቀረው ልብስ አንድ ናቸው። ከዚያ ክፍሏ ታሸገች። ሐሙስ ስከፍተው ትከሻው ጠቁሯል። ማንም አልገባም። እንግዲህ ወይ ሥዕሉ አስማት አለው፣ ወይ ማክሰኞ ጠዋት ያየነው ነገር እንዳሰብነው አልነበረም። በአስማት ደግሞ መዝገብ አይዘጋም። እትዬ፣ የብረት ሰማያዊ አየር በሌለበት ብርሃን ሲያገኘው ምን ይሆናል?»

«ይገረጣል።»

«አየር ሲያገኝስ?»

«ይመለሳል» አለች እትዬ፣ ዓይኗ ትከሻው ላይ እንደ ተተከለ።

«አንቺስ፣ ታውቂ ነበር?»

«ባለፈው ዓመት ያስተማርኩት ራሴ ነኝ» አለች ባለካሜራዋ።

«ሰኞ ማታ ይቺ ሥዕል ሌሊቱን ሙሉ በትልቅ መብራት ሥር፣ አየር በሌለው ክፍል ውስጥ አደረች። የጥንቱ ሰማያዊ ከድንጋይ ነው፣ ምንም አልሆነም። ትከሻው ግን በብረት ሰማያዊ የተሞላ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ጎህ ሲቀድ በጓሮ በር ገብቶ ቫልቩን ሲዘጋ፣ በሩን ሲከፍት፣ ያየው የገረጣ ትከሻ ነው። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ትከሻው ገርጥቶ አልተገኘም። ለምን? በመሐሉ አንድ ሰው ስለቀባው ነዋ። ሬሳ አጠገብ ቆሞ፣ የጥንቱን ቀለም እስኪመስል ድረስ አስተካክሎ ቀባው። ከዚያ አየር ገባ፣ ከሥር የነበረው ቀለም በሁለት ቀን ወደ መልኩ ተመለሰ፣ በላዩ የተደረበው ደግሞ አለ። ሁለት ልብስ ደራርባ የለበሰች ሆነች። ጨለማው ከዚያ የመጣ ነው።»

ምክትሉ ሰዓቱን ማየት አቁሟል።

«ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው» ቀጠለች። «ባለካሜራዋ ቀለሙ እንደሚመለስ ታውቃለች፤ ብትገድል ኖሮ ትከሻውን ትታው ትሄድ ነበር፣ ደግሞ ብሩሽ አያያዝ አታውቅም። እትዬ ብሩሽ ይዛ ኖራለች፣ ግን እሷም ታውቃለች። የሚቀባው ሁለት ነገር ያለው ሰው ነው፤ ዓይኑ ስህተት የማያውቅ፣ ግን ቀለሙ እንደሚመለስ ያልሰማ። ትምህርቱ ላይ አንድ ቀን ያልተቀመጠ።»

 እስከ ትናንት «እርስዎ» ስትለው የነበረችውን ሰው ዞራ አየችው።

«ሰኞ ጠዋት ከጨረስኩ ወዲህ አልነካኋትም አልከኝ። ታዲያ ላይዋን ማን ቀባው?»

«ብዙ ሰው ብሩሽ ይይዛል» አለ ሚዛን። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቀለምም በራሱ ይለዋወጣል። ደካማ ቀለም ይገረጣል። እኔ…»

«ደካማ ቀለም?» አለች ወንፊት። «እንዲያ መሰለህ?»

ማሰሮውን አነሳችና ጥቁሩን ጨርቅ ፈታች። ውስጡ ትንሽ ካርቶን አለ። «ይቺን ካርቶን ታውቃታለህ። ትናንት ከዚህ ያስወሰድኳት፣ ትከሻውን ከመሙላትህ በፊት ቀለሙን የሞከርክባት ናት። የቤተ ሙከራው ባለሙያ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ በጋዝ ሞልቶ መብራት ሥር አሳደራት። ግማሿን ሸፍነን ነበር።»

ከካርቶኗ ግማሹ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ሌላው ግማሽ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጥቷል።

ሚዛን ማሰሮውን ተቀበላትና ወደ መስኮቱ ወሰደው። ጭራሽ ሰው መኖሩን የረሳ ይመስል ነበር። እያገላበጠ አየው፣ ከዚያ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«የከሸፈ መስሎኝ ነበር» አለ። «ጋሼ እዚያ ተቀምጠው ሲገረጣ ያዩት መስሎኝ። ዓይናቸው ወደ ትከሻው ነበር እኮ። የእኔን ቀለም መክሸፍ አይተው የሞቱ መሰለኝ። ሰው ሲገባ የመጀመሪያው የሚያየው እሱን ነው፣ የእሷ እጅጌ ደግሞ በብርሃን እየደመቀ ከጎኑ። እንዴት እንደዚያ ትቼው ልውጣ?»

«ያስጨነቀህ ያ ነው?» አለች እትዬ። «ባሌ እዚያ ተቀምጦ?»

«እትዬ፣ ሃያ ዓመት ነው። ሰኞ በምሳ ሰዓት ጋሼንና ይቺን ልጅ በበሩ መስታወት በኩል አየኋቸው። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጭነው ያወራሉ፣ እሷ ታለቅሳለች። የደስታ ለቅሶ ነው። መረጧት አልኩ። ለእኔ ትከሻዬ ላይ እጃቸውን አሳርፈው አያውቁም። ዓይኔ ጨለመ። ባትሪውን አውጥቼ መሳቢያዋ ውስጥ ከተትኩ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ቫልቩን ከፈትኩ። ከፍቼ ስወጣ እንኳ እመለሳለሁ፣ እዘጋዋለሁ እያልኩ ነበር። አልተመለስኩም።»

ምክትሉ ካቴናውን ከባለካሜራዋ እጅ እየፈታ ነው። ሲቸኩል ቁልፉ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ወንፊት አየችውና በእውነት ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዋ አፈረች። ጎንበስ ብላ ቁልፉን አንስታ ሰጠችው።

«ልጄ» አለች ወደ ባለካሜራዋ ዞራ። «አሁን አይጎዳሽም። ሰኞ በምሳ ሰዓት ምን አሉሽ?»

ባለካሜራዋ የታሰረችበትን የእጇን አንጓ እያሻሸች ሚዛንን ተመለከተች። 

«ብርሃንሽ ግሩም ነው አሉኝ። ማሽኑ ሲጠፋ ግን እጅጌዋ ባዶ ነው። የእሱ ትከሻ መብራት ጠፍቶም ትከሻ ነው አሉኝ። ወርክሾፑ የእሱ ነው፤ ነገ ጠዋት ቁልፉን እሰጠዋለሁ፣ አንቺ ከእሱ ጋር ተስማምተሽ ሥሪ፣ ከእሱ የምትማሪው ብዙ ነው አሉ። በንዴት አለቀስኩ። ሊያጽናኑኝ ነው እጃቸውን የጫኑብኝ። ተሸንፌ ነበር ብል ገዳይ እሷ ናት ያስብለኛል ብዬ ዋሸሁ። ደግሞም አፍሬ ነበር። ቀንቼበት ነበር።»

 ሚዛን ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ በጥንቃቄ፣ ከጠርዙ ራቅ አድርጎ።

«በስንት ሰዓት ነው ያሉሽ?» አላት።

«ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ።»

«ሰባት ሰዓት ተኩል» አለ እሱም። እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ያለውን በጣቱ የሚቆጥር ይመስላል፣ ግን አልቆጠረም።

ምክትሉ ካቴናውን ይዞ ቀረበው። ሚዛን እጆቹን ዘረጋ፤ ከዚያ መለስ አደረጋቸውና ወደ እትዬ ዞረ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። እንዲህ ሆና እንዳትቀር። የላዩን አንስቼ ላስተካክላት፣ ሁለት ሰዓት ይበቃኛል። ከዚያ የትም ይውሰዱኝ።»

«እጅህ አይንካት» አለች እትዬ።

ሰውየው ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ስለ ገደለው ሰው እስካሁን አንድ ጠብታ አላነባም ነበር። እትዬ ተነስታ ጨርቁን በሥዕሉ ላይ መለሰችው።

ባለካሜራዋ ይህን አላየችም። ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት እናቷ ደረጃው ላይ ሕፃኗን ይዘው ቆመዋል። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ ሹራቧን ገለጠች፤ ሕፃኗ ግን ሦስት ቀን ስላላየቻት ፊቷን አዙራ መጀመሪያ አኮረፈቻት።